የቀፊራ ጣቢያ የቀትር ዝምታ

ቢሮአችን ውስጥ የሚጻፍ ነገር ሲኖር "ለእሷ ስጧት" ይባላል። ደብዳቤ፣ ቃለ ጉባኤ፣ የዕቃ መጠየቂያ፣ ለጡረተኛ የሚነበብ የስንብት ንግግር ሳይቀር እኔ ጋ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ኤጀንት የሚሉት ነገር ወደ ድሬ ዳዋ ቅርንጫፋችን ሲመጣና መግለጫ የሚጽፍለት ሰው ሲፈለግ፣ አለቃዬ ዙሪያውን እንኳ ሳያይ ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው። እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለሌላ ሰው ቢሰጠው ኖሮ አኮርፍ ነበር።

መሥሪያ ቤታችን መጋዘኖችን፣ ክሊኒኮችንና የፋብሪካ ቢሮዎችን የሚያገናኝ የኔትወርክ መስመር ይዘረጋል። ሳቢያን ሰፈር ውስጥ፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ አጠገብ፣ ቀፊራ ገበያ መሐል፣ በየቦታው ጣሪያ ላይ አንቴና ተክለናል፤ አንዱን አንቴና ከነሳጥኑ "ጣቢያ" እንለዋለን። የእኔ ሥራ ስክሪን ፊት ተቀምጦ የጣቢያዎቹን ጤና መከታተል ነው። ነጥቡ አረንጓዴ ከሆነ ደህና ነው፤ ቀይ ከሆነ አንድ ነገር አለ።

ኤጀንቱ ይህን ሥራ እንዲያግዝ የመጣ ኤአይ ነው፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት። በአማርኛ ቢጠይቁት በአማርኛ ይመልሳል፤ ብቻውን ግን ምንም አያደርግም። ጣቢያ ለመፈተሽም ሆነ መዝገብ ለማየት እኛ የምንሰጠው መሣሪያ ያስፈልገዋል። አንዱ መሣሪያ ጣቢያውን ጠርቶ መልስ ይጠብቃል፣ ሌላው ያለፉ ቀናትን መዝገብ ይከፍታል፣ ሌላው ለቴክኒሻን የጥገና ትእዛዝ ይልካል። ከእያንዳንዱ ጋር አጭር ጽሑፍ ይያያዛል፤ መግለጫ የሚባለው እሱ ነው። መሣሪያው ለምን እንደሚያገለግል፣ መቼ እንደሚነሳ፣ የሚሰጠው መልስ ምን ማለት እንደሆነ የሚናገረው ያ ጽሑፍ ነው። ኤጀንቱ የቱን እንደሚያነሳ የሚወስነው ጽሑፉን አንብቦ ነው፤ ከዚያ ውጭ ስለ እኛ የሚያውቀው ነገር የለም።

"ይቺማ ቀላል ናት" አልኩ። ከምሳ በፊት ሁሉንም ጽፌ ጨረስኩ። ጣቢያ ለሚጠራው መሣሪያ የጻፍኩት እንዲህ የሚል ነበር፦ "ጣቢያው እየሠራ ወይም ተበላሽቶ እንደሆነ ይናገራል።" አጭር፣ ጥርት ያለ። ጮክ ብዬ አነበብኩትና ወደድኩት።

ከሰዓት በኋላ ኤጀንቱን መሞከር ጀመርኩ። ትናንት የኢንዱስትሪ ፓርኩ መስመር ስንት ጊዜ እንደተቋረጠ ጠየቅኩት። መዝገቡን መክፈት ሲገባው ጣቢያውን አሁን ጠርቶ መልስ አገኘና "አልተቋረጠም" አለኝ። ትናንት ግን ሁለት ጊዜ ተቋርጧል፤ ደንበኛው ሲጮህ የዋለው እኔ ላይ ነው። ተመልሼ የራሴን ጽሑፎች ሳይ፣ ለሁለቱም መሣሪያዎች "የጣቢያውን" ብዬ ጀምሬ የትኛው ለአሁን፣ የትኛው ላለፈው እንደሆነ የትም አልተናገርኩም። "ያለፈ ጊዜ ለማወቅ ይህን አትጠቀም፤ መዝገቡን ክፈት" የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመርኩ። ያንኑ ጥያቄ ደገምኩለት። ቀጥ ብሎ መዝገቡን ከፈተና "ሁለት ጊዜ" አለኝ።

ብቻዬን ሳቅኩ። ከዚያ በኋላ ማን ይመልሰኝ! ዓረፍተ ነገሩን አወጣሁት፣ ተሳሳተ፤ መለስኩት፣ ተቃና። "ምናልባት" የሚል ቃል አስገብቼ ምን እንደሚሆን አየሁ፤ ይሉኝታ እንደያዘው እንግዳ ሁለቱንም መሣሪያ እያነሳ ማመንታት ጀመረ። አምስት ቀን ሙሉ ሻይዬ እየቀዘቀዘ እንዲህ ስጫወት ሰነበትኩ። አለቃዬ በሩ ላይ ቆሞ "ሥራ ነው ወይስ ጨዋታ?" አለኝ።

ከሁሉ የገረመኝ የኤጀንቱ አለመጠየቅ ነው። አዲስ ሰው ሲቀጠር በሦስተኛው ቀን "ይሄ ነገር ለምንድነው?" ማለቱ አይቀርም፤ መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ ይባል የለ። ይሄኛው ግን የሰጡትን ይዞ፣ በሰጡት ልክ አምኖ፣ መንገዱን ይቀጥላል። እንግዲያው ሊጠይቀኝ የሚገባውን እኔ ቀድሜ አስቤ መመለስ አለብኝ ማለት ነው። ይህን በማስታወሻ ደብተሬ ላይ ጽፌ ከሥሩ አሰመርኩበት። ማስመሩ ቀላል ነው።

አሁን ወደ ቴክኒሻናችን ልምጣ። ውጭ ያሉትን ጣቢያዎች ሁሉ የሚጠብቀው እሱ አንድ ሰው ነው። ሃምሳን ያለፈ፣ ቀጭን፣ መሰላል ላይ ሲወጣ ከወጣት የሚፈጥን። ስልክ ላይ ኦሮምኛ ጀምሮ ለባጃጁ ሾፌር በሶማልኛ መንገድ ያሳየውና ወደ እኔ ዞሮ በአማርኛ ይጨርሰዋል። "አንተ" እለዋለሁ፤ እኛ ጋ አንቱታ ሰውን ማራቅ ነው። ከዋናው መሥሪያ ቤት የሚመጡ እንግዶች "እርስዎ" ሲሉት ከኋላው ሌላ ሰው የቆመ መስሎት ዞር ብሎ ያያል። ውሉ በየዓመቱ የሚታደስ ነው። ሲታደስለት ኖሯል፤ ስለዚህ ማንም አስቦት አያውቅም።

ቀፊራ ያለው ጣቢያችን አንዲት ቅመም ነጋዴ ሱቅ ጣሪያ ላይ ነው፤ መብራቱንም የሚወስደው ከእሷ ቆጣሪ ነው። ድሬ ላይ ቀትር ሲሆን ሱቅ ይዘጋል። ፀሐዩ መሬቱን ሲያግል ሰው ወደ ቤቱ ይገባል፣ ይበላል፣ ያርፋል፤ ገበያው የሚነቃው ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነው። በዚያ የሱቅ ረድፍ ያሉት ነጋዴዎች ደግሞ እሳት ስለሚፈሩ፣ በር ከመቆለፋቸው በፊት መብራቱን ከነቆጣሪው ያጠፉታል። የጣቢያችን ባትሪ በዚያ ሙቀት ብዙ አይቆይም። ስለዚህ በየቀኑ ስድስት ሰዓት አለፍ ሲል የቀፊራ ነጥብ ይቀላል፤ ወደ ዘጠኝ ተኩል ራሱ ይመለሳል። እኛም "ቀፊራ ተኛች" እንላለን። መስመሩን የሚጠቀሙት ሱቆችም በዚያ ሰዓት ስለሚዘጉ የሚጮህ ደንበኛ የለም። ለደንቡ ያህል ግን ለቀዩ ነጥብ ቅጽ ይከፈታል፤ ቅጹ ያለው ምርጫ ሁለት ነው፦ "ተስተካክሏል" ወይም "አልተስተካከለም"። ቴክኒሻኑ ቤቱ ሆኖ በስልኩ "ተስተካክሏል" የሚለውን ይነካል። እሱ ፈቃድ ሲወጣ እኔም ነክቼው አውቃለሁ። ይህን የማያውቅ ቢሮአችን ውስጥ አልነበረም፤ የጻፈው ግን አልነበረም።

ኤጀንቱ ሥራ በጀመረ በሁለተኛው ወር አለቃዬ እኔንና ቴክኒሻኑን ጠራንና ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣ ደብዳቤ አነበበልን። የቀፊራ ጣቢያ በየቀኑ እንደሚበላሽ፣ ቴክኒሻኑ ወደ ቦታው ሳይሄድ "ተስተካክሏል" እያለ እንደሚመዘግብ ከኤጀንቱ ሪፖርት ታውቋል ይላል። ምዝገባው ሐሰተኛ ላለመሆኑ በአሥር ቀን ውስጥ በቂ ማብራሪያ ካልቀረበ ውሉ አይታደስም።

ቴክኒሻኑ መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ደብዳቤውን ተቀብሎ ራሱ አነበበው፤ ሳቁ ጠፋ።

"ሐሰተኛ? እኔ?" አለ። "አቦ፣ ይሄን ማሽን ምን በደልኩት?"

አለቃዬ ማብራሪያውን ቶሎ እንዲጽፍ ነገረው። እሱም ወደ እኔ ዞረ።

"አንቺ ጻፊልኝ። የኔን ማን ያነበዋል? አንቺ ስትጽፊ ያምናሉ።"

"አብሽር፣ እጽፍልሃለሁ" አልኩት፤ አይዞህ ማለቴ ነው። ኤጀንቱ ላይ ተናድጄ ነበር። ያን ሁሉ ቀን ካጫወትኩት በኋላ የሰው ስም ያጠፋል? ወንበሬ ላይ ተመልሼ ልክ እንደ ሰው ጠየቅኩት፦ የቀፊራ ጣቢያ በየቀኑ እንደሚበላሽ በምን አወቅህ?

መልሱ አጭር ነበር። ጣቢያውን በቀትር ጠርቼ መልስ አላገኘሁም አለ። መሣሪያው "ጣቢያው እየሠራ ወይም ተበላሽቶ እንደሆነ ይናገራል" ስለሚል፣ እየሠራ ካልሆነ ተበላሽቷል ማለት ነው አለ። መዝገቡ ላይ ወደ ቦታው የተደረገ ጉዞ የለም፤ የተበላሸ ጣቢያ ሰው ሳይደርስበት ከተስተካከለ፣ ምዝገባው ትክክል የመሆን ዕድሉ ዝቅተኛ ነው ብሎ ደመደመ።

የጠቀሰው ዓረፍተ ነገር የእኔ ነው፤ ያ ጮክ ብዬ አንብቤ የወደድኩት። መሣሪያው እኮ "ተበላሽቷል" ማለት አይችልም። የሚችለው መጥራትና መልስ መምጣት አለመምጣቱን መናገር ብቻ ነው። ያልመለሰ ሁሉ ታሟል ያልኩት እኔ ነኝ። ኤጀንቱ ከዚያ በኋላ ያደረገው እኔ በጠረግኩለት መንገድ መሄድ ነው። አፈርኩ። ማንም እንዳላየኝ ዞር ብዬ አየሁና ኮምፒውተሩን አጠፋሁት።

በማግስቱ ለቴክኒሻኑ "ማብራሪያውን ከመጻፌ በፊት ቦታውን ልየው" አልኩት። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ግን አልነገርኩትም። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ መሰላሉን ጭነን በባጃጅ ወጣን። መንገድ ላይ ልነግረው አፌን ከፈትኩ፤ ስለ ሙቀቱ አወራሁ።

ያን ጣቢያ ስንት ዓመት በነጥብ ሳየው ኖሬ በዓይኔ ያየሁት ያን ቀን ነው። ሱቋ ጠባብ ናት፤ እርዱ፣ ቁንዶ በርበሬው፣ ቅርንፉዱ በማዳበሪያ ከረጢት አፍ እስከ አፍ ሞልቷል። ባለሱቋ ወፍራም፣ ድምፀ ትልቅ ሴት ናት። ቴክኒሻኑን ስታይ በኦሮምኛ ሰላም አለችውና እኔን ከላይ እስከ ታች ቃኘችኝ።

"ይቺ ማናት? አለቃህ ናት?"

"የምትጽፈው እሷ ናት" አላት። "በቀትር ለምን እንደምታጠፊ ንገሪያት።"

"ለምን አጠፋለሁ? ሰው ከሌለበት ቤት እሳት ይተዋል እንዴ? እናቴም እዚሁ ስትነግድ እንዲሁ ነበረች። ጎረቤቶቼን ጠይቂ፣ ሁሉም እንዲሁ ነው። ወላሂ፣ አንዱ ሳያጠፋ ቢሄድ እንጣላዋለን።"

ስድስት ሰዓት ሲሆን ከረጢቶቹን በሸራ ሸፈነች። ቆጣሪው ከፍ ብሎ የተሰቀለ ስለሆነ የመጥረጊያ እንጨት አንስታ ማጥፊያውን በጫፉ ወደ ታች መታችው። ማራገቢያው እየተጎተተ ቆመ። የእኛ ሳጥን ላይ ያለችው ትንሽ መብራት በባትሪ ጥቂት ቆየችና እሷም ጠፋች። "ቀፊራ ተኛች" የምንለው ይህን ኖሯል። እንጨቷን፣ ማራገቢያውን፣ ሁሉን እያየሁ ደብተሬን አወጣሁ። ጥያቄዬ አላልቅ አለኝ። ዓርብስ? ለጁምዓ ቀደም ብላ ትዘጋለች። ረመዳን ላይስ? ሰዓቱ ሁሉ ይለዋወጣል፤ ማታ ትከፍታለች። ሐዘን ሲኖርስ? ያን ቀን ጭራሽ አትከፍትም።

"ይሄን ሁሉ የሚጠይቀው ማነው?" አለችኝ።

"ማሽን ነው።"

"ታዲያ ማሽኑ ለምን ራሱ አይመጣም?"

ሳቅን። እኔ ግን አንድ ነገር አልገባኝ አለ። እሷ እንዲህ ሰዓቷን የምትለዋውጥ ከሆነ፣ ቴክኒሻኑ ቤቱ ቁጭ ብሎ የእሷን ማጥፊያና የእውነቱን ብልሽት በምን ይለያል? ይህን ስጠይቅ መልስ የሰጠችኝ እሷ ናት።

"ይደውልልኛላ! በየቀኑ። 'ዘግተሻል?' ይላል፣ 'ዘግቻለሁ' እላለሁ፣ በቃ። ባሌ እንኳ እንደሱ አይደውልልኝም። አንዴ 'አልዘጋሁም፣ መብራት አለ' ስለው፣ አቦ፣ በዚያ ፀሐይ እየሮጠ መጣ። ገመዱን አይጥ በልቶት ነው።"

ወደ እሱ ዞርኩ። መሰላሉን እያጠፈ ነበር።

"ይሄን ለምን አልነገርከንም?"

"ምኑን?"

"በየቀኑ እንደምትደውል!"

"ምን አለው? ስልክ መደወል ሥራ ነው እንዴ?" አለና መሰላሉን ተሸከመ።

ለካ "ተስተካክሏል" የሚለውን ሲነካ ጠይቆ፣ አረጋግጦ ነው። እኔ ግን እሱ ፈቃድ በወጣባቸው ቀናት ሳልደውል ዝም ብዬ ስነካው ነበር። ከሁለታችን ሐሰተኛ ምዝገባ ያስገባ ካለ እኔ ነኝ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ መግለጫውን እንደገና ጻፍኩት። ይህ መሣሪያ ጣቢያውን ይጠራል፤ የሚናገረውም መልስ መምጣቱን ወይም አለመምጣቱን ብቻ ነው አልኩ። መልስ አለመምጣቱ ብልሽት ነው ማለት አይደለም፤ መብራት ሊሆን ይችላል፣ መስመር ሊሆን ይችላል፣ ሱቅ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። የቀፊራው ጣቢያ በቀትር ዝም ቢል የሚጠበቅ ነው፤ ሰዓቱ በዓርብ፣ በረመዳንና በሐዘን ቀን ይለወጣል። ስለዚህ አንተ አትፍረድ፤ ቴክኒሻኑ ደውሎ እንዲያጣራ ጠይቅ፣ እሱ "ተስተካክሏል" ካለ አጣርቷል ማለት ነው። እንደ መጀመሪያው አጭር አይደለም፣ ሲነበብም አያምርም። የሁለቱን ወር መዝገብ እንደገና ሰጥቼ ስጠይቀው ግን ኤጀንቱ "የሐሰት ምዝገባ ምልክት አላገኘሁም" አለ። ሁለት ቀን ግን ቴክኒሻኑ ፈቃድ ላይ ሳለ ሌላ ሰው የዘጋው ቅጽ እንዳለ ጠቆመ። ያ ሌላ ሰው ማን እንደሆነ እኔ ነኝ የማውቀው።

ለዋናው መሥሪያ ቤት የሚላከውን ማብራሪያ ለአለቃዬ ሳሳየው ፊቱን አጨማደደ።

"የራስሽን ስም ለምን አስገባሽው? 'ስህተት ተገኝቶ ታርሟል' በይ፣ በቃ።"

"የማን ስህተት እንደሆነ ካልተባለ የእሱ ይመስላል" አልኩት።

አልተከራከረኝም። የድሮውን ዓረፍተ ነገር፣ አዲሱን፣ የኤጀንቱን ሁለት መልሶች፣ የቴክኒሻኑን የስልክ ጥሪ ዝርዝር፣ እኔ ሳልደውል የዘጋኋቸውን ሁለት ቀናት ጨምሬ በስሜ ላክሁት። እውነቱን ለመናገር ያን ያህል አልከበደኝም። የጻፍኩት ፊታቸውን ለማላየው ሰዎች ነውና።

መልሱ የመጣው አሥሩ ቀን ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። የቴክኒሻኑ ውል ታድሷል። እኔም ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ፤ አላማረርኩም።

በማግስቱ ጠዋት ቴክኒሻኑ በፌስታል ዘይቱን ሞልቶ ቢሮዬ ገባና መሰላሉን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። የፍሬው ሽታ ክፍሉን ሁሉ አወደው።

"እንኪ" አለኝ። "አንቺ ባትኖሪ ያ ማሽን በልቶኝ ነበር።"

ፌስታሉን መቀበል አቃተኝ።

"የበላህ ማሽኑ አይደለም" አልኩት። "እኔ ነኝ።"

የድሮውን መግለጫ ከፍቼ ስክሪኑን ወደ እሱ አዞርኩለት። ኤጀንቱ እንዴት እንዳነበበውና ከዚያ ምን ላይ እንደደረሰ አንድ በአንድ ነገርኩት። መነጽሩን ከኪሱ አውጥቶ አደረገና ያችን አንድ ዓረፍተ ነገር ረጅም ጊዜ አነበባት።

"መቼ ነው የጻፍሽው?"

"መጀመሪያ ቀን። ከምሳ በፊት።"

"ያኔ ቀፊራ ሄደሽ ታውቂያለሽ?"

"አላውቅም።"

"እኔንስ ጠይቀሽኛል?"

"አልጠየቅኩህም።"

መነጽሩን አወለቀ። ይቆጣል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ፌስታሉን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ፣ መሰላሉን ከግድግዳው አነሳ፣ በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ።

"ከእንግዲህ" አለኝ ቀስ ብሎ፣ "ሳታዪ አትጻፊብኝ።"

እሺ አልኩት።